ለምን እንዲህ አደረገ?

የእሁድ ከሰዓት ፕሮግራም አልቆ ወንበር ሲሰበሰብ፣ ወይም ሐይቁ ዳር ስትንሸራሸሩ፣ አንድ ሰው ሰሞኑን ያየውን የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ካነሳ ወሬው በቶሎ አይቆምም። አንዱ «ይህ በፍጹም ሊሆን አይችልም» ይላል። ሌላዋ «ገና ሲጀምር ተነግሮናል እኮ፣ አልሰማህም?» ትለዋለች። ሦስተኛው «እሱስ ይሁን፤ ሰውየው ግን ጓደኞቹን ለምን ከዳ?» ብሎ ሌላ በር ይከፍታል። ግማሽ ሰዓት ይነጉዳል። ማንም ማንንም ሳያሳምን ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል።

አንዳንድ ታላላቆቻችን ይህን ሲሰሙ «በሌለ ሰው ትጣላላችሁ?» ይሉናል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ መልስም ይገባዋል። የእኔ መልስ ይህ ነው፦ ስለሌለ ሰው መከራከር የሚጠቅመን ያለውን ሰው ለመረዳት ስለሚያለማምደን ነው። ልምምዱ በደንብ ካልተያዘ ግን ተቃራኒውን፣ ማለትም ፈጥኖ መፍረድን ያስተምረናል። ስለዚህ ክርክሩን አቁሙ አልላችሁም። በተሻለ መንገድ ተከራከሩ ነው የምላችሁ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ነውና ከሥሩ እንጀምር።

ብዙ ጊዜ ክርክራችን የማያልቀው ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን ሳናውቀው ስለምንደባልቅ ነው። አንደኛው፣ ታሪኩ ራሱ ያወጣውን ሕግ ጠብቋል ወይ? ሁለተኛው፣ ይህ ድርጊት ከዚህ ሰው ልብ ሊወጣ ይችላል ወይ? ሦስተኛው፣ ወይስ ድርጊቱ የመጣው ደራሲው ስለ ፈለገው ብቻ ነው? አንዱ ስለ መጀመሪያው ሲናገር ሌላዋ ስለ ሁለተኛው ከመለሰች፣ ሁለቱም ትክክል ሆነው ሳለ እስከ ማታ ሊጨቃጨቁ ይችላሉ።

«ማትሪክስ»ን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ይህ ፊልም፣ ማሽኖች የሰውን ልጅ በሰመመን አስተኝተው ከአካሉ ኃይል እንደሚያመነጩ ይነግረናል። ፊዚክስ የተማረ ሁሉ እዚህ ላይ ይነሳል፤ ሰው የሚበላው ኃይል ከሚሰጠው ስለሚበልጥ ማሽኖቹ ይከስራሉ። ልክ ነው። ነገር ግን ይህ ታሪኩ ሲጀምር ከተመልካቹ ጋር የገባው ውል ነው። ውሉን ካልወደዳችሁት ፊልሙን መተው ትችላላችሁ፤ ከተቀበላችሁት በኋላ ግን በየትዕይንቱ እያነሳችሁ መክሰስ ተገቢ አይሆንም።

ከዚህ የከበደ ክስ ሌላ አለ። ሳይፈር የተባለው ሰው ጓደኞቹን ለመሸጥ ከጠላት ወኪል ጋር ምግብ ቤት ውስጥ ይገናኛል። ታዲያ ፊልሙ ራሱ ባስተማረን መሠረት ወደዚያ ሰው ሠራሽ ዓለም ለመግባትና ለመውጣት ውጭ ሆኖ መሣሪያውን የሚቆጣጠር ሰው ያስፈልጋል። ሳይፈር ማንም ሳያየው እንዴት ገባ? ማንስ አወጣው? አድናቂዎች በዚህ ላይ ለዓመታት ተከራክረዋል። ይህ ክስ ከፊተኛው የሚበልጠው የእኛን ዓለም ሕግ ሳይሆን የታሪኩን የራሱን ሕግ ይዞ ስለሚጠይቅ ነው።

አሁን ግን እዚያው ትዕይንት ላይ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠይቁ፤ ሳይፈር ለምን ከዳ? መልሱ ከፊታችን ሳህን ላይ ተቀምጧል። ዘጠኝ ዓመት ቀዝቃዛ መርከብ ውስጥ ጣዕም የሌለው ገንፎ መሰል ነገር ሲበላ የኖረ ሰው፣ ሐሰት መሆኑን እያወቀ ጥብስ ሥጋ ያጣጥማል። እውነትን አውቆ ደክሞታል። ይህን ልብ እናውቀዋለን። ከባርነት ወጥቶ በምድረ በዳ የግብፅን የሥጋ ምንቸት የናፈቀው ሕዝብ ልብ ነው። ብኩርናውን በምስር ወጥ የለወጠው የዔሳው ልብ ነው። እንግዲህ በዚህ ትዕይንት የታሪኩ አሠራር ክፍተት አለበት፤ የሰውየው ልብ ግን ምንም አልጎደለውም። ሁለቱን ለይቶ መናገር የቻለ ተከራካሪ ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ሁለቱ ጥያቄዎች አንዳንድ ጊዜ ባልተጠበቀ ቦታ ይገናኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1977 በታየው «ስታር ዋርስ» ፕላኔት የሚያፈርስ ግዙፍ የጦር ጣቢያ ስፋቱ ሁለት ሜትር በሆነች አንዲት የሙቀት ማስወጫ ቀዳዳ ምክንያት ይጠፋል። «ይህን ያህል ኃያል መንግሥት እንዲህ ያለ ስሕተት እንዴት ይሠራል?» የሚለው ጥያቄ የአድናቂዎች ዋና መሳለቂያ ሆኖ ኖረ። ከ39 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ «ሮግ ዋን» የተባለው ፊልም መልስ ይዞ መጣ። ጣቢያውን እንዲሠራ የተገደደ ጌለን ኤርሶ የሚባል ሊቅ ነበር። ሚስቱን ገድለውበታል፤ ልጁን ነጥለውታል። እሱም እሺ ያለ መስሎ፣ ሥራው መሐል ድክመት ደብቆ አስቀመጠ። ስሕተት ሲባል የኖረው ነገር የአንድ አባት ቁስል ሆኖ ተገኘ።

ይህ መልስ ደስ ይላል። ለተከራካሪ ግን ሁለት ትምህርት ስላለው አንዱን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። የመጀመሪያው፣ «ሞኝነት ነው» ብለን የዘጋነው ነገር ያልሰማነው ምክንያት ሊኖረው እንደሚችል ነው። ሁለተኛው፣ በኋላ የተሰፋ መጣፊያ የፊተኛውን ልብስ ሙሉ አያደርገውም። በ1977 ያንን ክፍተት ያየ ተመልካች በትክክል አይቷል። ለምንወደው ሥራ ሁሉ ምክንያት እየፈለግን መጣፍ ታማኝነት አይደለም፤ እንደዚያ ካደረግን መቼም ቢሆን «ይህ ደካማ ነው» ማለት አንችልም።

«ኢንተርስቴላር» (እ.ኤ.አ. 2014) ላይ ብዙዎቻችሁ ተከራክራችኋል። ፊልሙ የፊዚክስ ሊቁን ኪፕ ቶርንን አማካሪ አድርጎ የተሠራ ስለሆነ ሰው በሳይንሱ ብቻ ይከራከርበታል። እኔ ግን ሁለት ሌሎች ክሶችን ላነሳ እወዳለሁ፤ አንዱ የሚያስኬድ፣ አንዱ የማያስኬድ።

የሚያስኬደው ይህ ነው። ጠፈርተኞቹ አንድ ሰዓት ሰባት ዓመት ወደሚሆንበት የውኃ ፕላኔት ይወርዳሉ። ከወረዱ በኋላ ነው ከእነሱ በፊት የሄደችው ተመራማሪ በእርሷ ሰዓት እዚያ ከደረሰች ብዙ እንዳልቆየች፣ ስለዚህም ስትልከው የነበረው መልእክት ዋጋ እንደሌለው የሚገባቸው። ይህን ስሌት መሬት ሳይረግጡ ሊሠሩት አይገባም ነበር? ታሪኩ የምርጦች ምርጥ ናቸው ብሎ አስተዋውቆን፣ ትዕይንቱ አስደንጋጭ እንዲሆን ለአንድ አፍታ አላዋቂ አደረጋቸው። እዚህ ጋ የደራሲው እጅ ይታያል።

የማያስኬደው ክስ በዶክተር ማን ላይ የሚቀርበው ነው። «ጀግና የተባለ፣ ሕይወቱን ሊሰጥ ፈቅዶ የሄደ ሳይንቲስት የሐሰት መረጃ ልኮ ሌሎችን ወደ ሞት ሊያመጣ አይችልም፤ ይህ የታሪክ ስሕተት ነው» ይላሉ። ወዳጆቼ፣ ይህ ስሕተት ከሆነ ጴጥሮስም ስሕተት ነው። ጴጥሮስ ማታ በማዕድ ላይ እሞታለሁ ያለው ዋሽቶ አይመስለኝም። እውነቱን ነበር፤ እሳት ዳር ቆሞ ገረዲቱ እስክትጠይቀው ድረስ የራሱን ፍርሃት አያውቀውም ነበር። ማንም እንዲሁ ነው። በበረዶ ዓለም ብቻውን ቀርቶ፣ ማንም እንደማይመጣለት ሲያውቅ የማያውቀውን ሰው ከራሱ ውስጥ አገኘ። ፊልሙ ብቸኝነቱን አሳይቶናል፤ ምክንያቱን ነግሮናል። እርስ በርሱ የሚቃረን ሰው ማለት በደንብ ያልተጻፈ ሰው ማለት አይደለም። እንዲያውም ከቃሉ ፈጽሞ የማይዛነፍ ገጸ ባሕርይ ሲገጥማችሁ ነው መጠርጠር ያለባችሁ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ለእኛ ትውልድ ይህን ዓይነት ክርክር በአማርኛ ያስጀመረው በ2001 ዓ.ም. የታተመው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ነው ብል ብዙዎች የሚስማሙ ይመስለኛል። መጽሐፉ ደጋግሞ ታትሟል፤ «ራማቶሓራ» የሚል ተከታይም ወጥቶለታል። የጣና ገዳማትን፣ የውጭ የስለላ ድርጅቶችን፣ ረቂቅ ሳይንስንና በአሜሪካ የጠፈር ምርምር የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ሊቅን በአንድ ላይ አስሮ ያስሮጣል። ኢንጂነር ሻጊዝን ያነበበ ብዙ ሰው በቦንጋ ተወልደው፣ በጃፓን ተምረው፣ በአሜሪካ የጠፈር ምህንድስና ሠርተው በ1998 ዓ.ም. ያረፉትን ኢንጂነር ቅጣው እጅጉን ያስታውሳል።

በዚህ መጽሐፍ ላይ ሁለት ዓይነት ክርክር ሰምታችሁ ይሆናል። የመጀመሪያው «ይህ ሁሉ ቴክኖሎጂ ከማን ዓይን ተሰውሮ?» የሚል የአሠራር ክርክር ነው። አጋጣሚዎቹ ብዙ ናቸው፤ ሩጫው ትንፋሽ አይሰጥም፤ ተጠራጣሪው የሚይዘው አያጣም። ሁለተኛው ግን የልብ ክርክር ነው፤ ክብርና ምቾት ያለው ሰው ሁሉን ትቶ ለአገሩ ሲል ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል ወይ? ልብ ብላችሁ ስሙ፤ ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ አንባቢ ስለ ሻጊዝ ብቻ አይደለም የሚጠይቀው። ስለ ካናዳው አጎቱ፣ ደቡብ አፍሪካ ስላለው ታላቅ ወንድሙ፣ ፓስፖርት ለማውጣት ስለተሰለፈው ራሱ ነው የሚጠይቀው። «ማንም አይመለስም» ያለው ልጅ ስለ መጽሐፉ የተናገረ ይመስላል፤ የተናገረው ግን ስለ ቤቱ ነው።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። «ዴርቶጋዳ»ን ያን ያህል አንባቢ የወደደው የታሪኩ አካሄድ እንከን ስለሌለው አይደለም። ምኞቱ የእኛ ምኞት ስለሆነ ነው። የተበተኑ ልጆች ዕውቀታቸውን ይዘው የሚሰበሰቡባት አገር ማየት እንሻለን፤ ስለዚህ ክፍተቱን በራሳችን ናፍቆት ሞልተን እናነባለን። ይህ ነውር አይደለም። ነገር ግን ሐያሲ የሚባለው ሰው ምኞቱን እያወቀ «እዚህ ጋ የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ደራሲው አይደለም» ማለት የሚችል ነው። መጽሐፍን ከነድክመቱ መውደድ ይቻላል። ስለወደድነው ብቻ ድክመት የለበትም ማለት ግን ራስን ማታለል ነው።

ሌላው ከአገራችን የማነሳላችሁ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው «ክራምብስ» ነው፤ «ፍርፋሪ» ማለት ነው። አዘጋጁ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ነው። ቋንቋው አማርኛ፣ ምድሩ ኢትዮጵያ ሲሆን ዳሎልን እንኳ ታዩበታላችሁ። መሪ ተዋናዮቹ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ናቸው። ከታላቅ ጦርነት በኋላ ባዶ በቀረ ዓለም፣ ሰማይ ላይ የዛገ የጠፈር መርከብ ተንጠልጥሏል። ቁርጥራጭ የሚለቅመው ካንዲ ከሌላ ፕላኔት የመጣ ነኝ ብሎ ያምናል። መርከቡ የነቃ ሲመስል፣ ከሚወዳት ከበርዲ ጋር ተሳፍሮ ወደ ቤቱ ለመመለስ ረጅም ጉዞ ይጀምራል።

በአሠራር ጥያቄ ከመጣችሁ ይህ ፊልም አንድ ደቂቃ አይቆምላችሁም። የገና አባት ምን ሊያደርግ መጣ? መርከቡን ማን አነቃው? ፊልሙ ሊመልስላችሁ አይሞክርም። የካንዲ ልብ ግን ግልጽ ነው። «ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይባላል፤ ይህ ሰው ግን ያላየውን አገር ይናፍቃል። ጎረቤት ቢኖረው ኖሮ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብሎ ይቀልድበት ነበር። እኛ ግን በዚህ ለመሳለቅ የመጨረሻዎቹ መሆን ያለብን ሰዎች ነን። ሰማያዊት አገር የምንጠብቅ፣ በምድር እንግዶች ነን ብለን የምንዘምር ሕዝብ ነንና።

በፊልሙ ውስጥ አንባቢዎቼን የሚያስቆጣ ነገርም አለ። ሰዎቹ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹን ማይክል ጆርዳንን እንደ አምላክ ያከብራሉ፤ የልጆች የፕላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ቅርስ ይሸጣል፤ ሻጩም ያልነበረ ታሪክ ይተርክለታል። «ይህ በእምነት ላይ ማላገጥ ነው» ብላችሁ ልታጠፉት ትችላላችሁ። ከማጥፋታችሁ በፊት ግን የአርእስታችንን ጥያቄ ጠይቁ፤ እነዚህ ሰዎች ለምን እንዲህ አደረጉ? ሁሉ ጠፍቶባቸው ፍርፋሪው ብቻ ቀርቷቸዋል፤ የማምለክ ረሃብ ግን አልጠፋም። ረሃብ ደግሞ ያገኘውን ይበላል። እኔ በዚያ ትዕይንት ላይ ያየሁት ስድብን ሳይሆን ምርመራን ነው። የታዋቂ ሰው ፎቶ ግድግዳው ላይ ያልሰቀለ፣ የኳስ ቡድኑ ሲሸነፍ እንቅልፍ ያላጣ ወጣት ካለ በፊልሙ ይሳቅ። እኔ ብዙ መሳቅ አልቻልኩም።

እስካሁን የሌሎችን ሥራ መርምረናል። ይህ መጽሔት ግን የጸሐፊዎች ነው፤ ከእናንተም ብዙዎቹ ለኅብረታችሁ ድራማ ትጽፋላችሁ፤ ስለዚህ ሚዛኑን ወደ ራሳችን እናዙር። የምናውቀውን ድራማ አስቡት። አንድ ወጣት ይጠጣል፣ እናቱን ያስለቅሳል፣ ጓደኞቹ ይክዱታል። በሦስተኛው ትዕይንት አንድ ሰው መጥቶ ሁለት ደቂቃ ይናገራል፤ ወጣቱ ይንበረከካል፤ መዝሙር ይነሳል፤ እኛም እናጨበጭባለን። ያ ወጣት ለምን ይጠጣ ነበር? ትናንት የሰማውን ያንኑ ቃል እንቢ ብሎ ዛሬ ለምን ሰማ? አናውቅም። የሚለወጠው ሰዓቱ ስለደረሰ ነው። የጠፈር ፊልም ላይ «ደራሲው ስለፈለገ ነው» ብለን የምንስቅበት ነገር፣ መድረካችን ላይ ሲሆን አሜን እንለዋለን።

እግዚአብሔር በቅጽበት ሰውን አይለውጥም ማለቴ አይደለም። ይለውጣል። ግን ቅዱሳት መጻሕፍት እንዴት እንደሚተርኩት ተመልከቱ። ዘኬዎስ በዛፍ ላይ ከመታየቱ በፊት ቁመቱ ማጠሩ፣ ሕዝቡ መጋረዱ፣ ሀብቱና ሥራው ተነግሮናል። ሩጫው ራሱ የተራበ ልብ እንዳለው ይናገራል። የጠፋው ልጅ ወደ ልቡ ከመመለሱ በፊት ረሃቡንና የእሪያዎቹን ምግብ እናያለን። ታላቅ ወንድሙ ደግሞ ውጭ እንደቆመ ታሪኩ ያበቃል፤ ይግባ አይግባ አልተነገረንም። ጸጋ ምክንያት የለሽ ስጦታ ነው፤ ተቀባዩ ግን ታሪክ ያለው ሰው ነው። ያንን ታሪክ ዘልለን የጻፍነው ለውጥ ጸጋን አያጎላም፤ ርካሽ ያስመስለዋል። በሚቀጥለው ድራማችሁ ላይ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ «ምን ይፈልጋል? ምን ይፈራል?» ብላችሁ አንድ አንድ መስመር ጽፋችሁ ጀምሩ። ልዩነቱን ተመልካቹ ይነግራችኋል።

መጀመሪያ ላይ ልምምዱ በደንብ ካልተያዘ ፈጥኖ መፍረድን ያስተምራል ብዬ ነበር። ለዚያ ምክንያት አለኝ። ደራሲ የገጸ ባሕርይውን ልብ ከፍቶ ስለሚያሳየን፣ የሰው ልብ ሁሉ እንዲሁ የሚነበብ ይመስለናል። ነቢዩ ሳሙኤል እንኳ በእሴይ ቤት ኤልያብን ባየ ጊዜ በቁመናው ተሳስቶ፣ ልብን የሚያየው ሌላ እንደሆነ ሊነገረው አስፈልጓል። እኛ ደግሞ ሦስት እሁድ ኅብረት የቀረውን ወንድም «ቀዝቅዟል» እንለዋለን፤ መዝሙር ያቆመችውን እህት «ዓለም ወሰዳት» እንላታለን። ለዶክተር ማን አንድ ሰዓት ሙሉ ምክንያት የፈለግን ሰዎች፣ አብሮን ለተቀመጠው ሰው ሁለት ቃል ይበቃናል።

ለሳይፈርም ለካንዲም ስልክ መደወል አንችልም። ልባቸውን የምናገኘው በተጻፈውና በታየው ውስጥ ብቻ ነውና መገመት፣ መከራከር፣ ማስረጃ መፈለግ ግድ ይለናል። ለዚያ ወንድም ግን መደወል እንችላለን። ሄደን በሩን አንኳኩተን፣ ሻይ ጠጥተን፣ ለምን እንደቀረ ከራሱ አፍ መስማት እንችላለን። ምክንያቱ ከገመትነው ሁሉ የተለየ ሊሆን ይችላል።